ጉዝጓዝና መኝታ በወሎ ደጋ፦ ለውሻ፣ ለበግና ለተጎዳ የዱር እንስሳ

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው እንደ ደላንታ፣ ወረኢሉ፣ መቄትና ሳይንት ባሉ ደጋማ ቦታዎች ውሻ፣ በግ ወይም ለጊዜው የተጠለለ እንስሳ ለሚያሳድር ሰው ነው። ቆቦ፣ ባቲ ወይም ከሚሴ ለምትኖሩ ግማሹ አይመለከታችሁም፤ እናንተ ጋ ጭንቁ ውርጭ ሳይሆን ሙቀትና ቁንጫ ነው።

ፀጉር ያለው እንስሳ ጉዝጓዝ ምን ያደርግለታል?

ፀጉሩ ከላይ የሚመጣውን ብርድ ይመክትለታል። ጉዳቱ ከታች ነው። እንስሳው ሲተኛ የሆዱና የጎኑ ፀጉር በክብደቱ ይጨፈለቃል፤ በፀጉሩ መሃል የነበረው አየር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥጋውና መሬቱ ተገናኙ ማለት ነው። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ መኝታ ስታዘጋጁ መጀመሪያ የምታስቡት ስለ ልስላሴው ሳይሆን ስለ ድርቀቱ ይሁን። አንድ ስንዝር ደረቅ ገለባ ከአንድ ክንድ እርጥብ ገለባ የተሻለ ያሞቃል።

«ቀይ ቀበሮስ ሜዳ ላይ አይደል የሚያድረው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አመዳይ በሚጥልበት ሜዳ ላይ ጥቅልል ብሎ፣ አፍንጫውን ጭራው ውስጥ ቀብሮ ያድራል። ጉድጓድ የሚቆፍረው ለቡችሎቹ ነው። ነገር ግን እሱ የሚተኛበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል፣ ነፋሱ ሲዞር ተነስቶ ይዞራል። የታሰረ ውሻ ወይም እግሩ የተሰበረ እንስሳ ይህን ማድረግ አይችልም።

የትኛው ይሻላል? የስንዴ ገለባ፣ የገብስ፣ የጤፍ ጭድ፣ ድርቆሽ ወይስ ሰጋቱራ?

ምርጫ ካላችሁ የስንዴ ገለባ። አገዳው ውስጡ ባዶ ስለሆነ እያንዳንዱ ስባሪ አየር ይዞ ይቀመጣል፣ ቶሎም አይተኛም። 1 ኪሎ ደረቅ የስንዴ ገለባ ከ2 ኪሎ በላይ ውሃ ይጠጣል። ችግሩ በሬ ያበራየው ገለባ መድቀቁ ነው፤ አጥሮ በአቧራ የተሞላ ይሆናል። ከክምሩ ላይ ረዘም ያለውን በመንሽ እያራገፋችሁ ለዩ። ከታች የሚቀረው እብቅ ለምርጊት ጥሩ ነው፤ ለመኝታ ግን ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ከመግባት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

የገብስ ገለባ ያሞቃል፤ ደጋው ላይ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው። ጣጣው የእሸቱ ጫፍ ላይ የሚቀሩት ሹል ፀጉሮች ናቸው። እነዚህ ፀጉሮች በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ደቃቅ ጥርሶች ስላሏቸው ከገቡ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄዱም። የውሻ ጆሮ፣ የጣቶቹ መሃል ወይም የዓይኑ ሽፋን ሥር ከገቡ በየቀኑ ጠልቀው ይሄዳሉ። ውሻችሁ ራሱን ወደ አንድ ጎን አጋድሎ የሚያራግፍ ወይም አንድ እግሩን ሳያቋርጥ የሚልስ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። የገብስ ገለባ ስትጠቀሙ ራስ ራሱን እየለያችሁ አውጡ።

የጤፍ ጭድ ለስላሳና ንጹሕ ነው፤ ግን በሦስት ሌሊት እንደ ምንጣፍ ይጋደማል። ለከብት መኖና ለጭቃ ስለሚፈለግም ዋጋው አይቀመስም። ለታመመ ወይም ቆዳው ለተላጠ እንስሳ ከላይ ለማልበስ ብትቆጥቡት ይሻላል። የባቄላ ገለባና የማሽላ አገዳ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ይወጋሉ እንጂ አይመቹም። ቦታቸው ከታች ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አግድም ረብርባችሁ በላዩ ገለባ ስታለብሱበት ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የላይኛው ደርቆ ይቆያል።

ድርቆሽ መኖ ነው። ከገለባ ይልቅ ርጥበት ይይዛል፣ ቶሎ ይሻግታል፣ በግ ደግሞ ከነሽንቱ ይበላዋል። ቄጤማ ለበዓል ቤት ያምራል፤ ከእንስሳ ሥር ግን አይሁን። እርጥቡ ተከምሮ ይሞቅና ይሻግታል። ከረግረግ የታጨደ ከሆነ ደግሞ የጉበት ትል እጭ በቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ስለሚችል፣ የበላችው በግ ከወራት በኋላ መንጋጋዋ ሥር አብጦ ታገኟታላችሁ።

ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት በነፃም ይገኛል። ደቃቁን ተዉት፤ የመላጊያውን ጥቅልል ፍቅፋቂ ውሰዱ። የሐበሻ ጥድ ፍቅፋቂ አይሁን፤ ያ ደስ የሚል ሽታው የሚወጣው የእንስሳን መተንፈሻና ቆዳ ከሚቆጣ ዘይት ነው። ከቺፑድና ከቀለም ቅብ እንጨት የወጣም እንዲሁ አይሆንም፤ ሙጫና ኬሚካል አለበት።

በሐምሌ ያስገባነው ገለባ በነሐሴ ሸተተ። ለምን?

የበልግ ገለባ ስለሆነ ነው። ወሎ ደጋ ላይ በልግ የሚዘራ ሰው አዝመራውን የሚሰበስበው ክረምቱ በር ላይ ሲደርስ፣ ወይም ከገባ በኋላ ነው። ገለባው ሳይደርቅ ይከመራል፤ ሻጋታው ከውስጥ ይጀምራል። የመኸሩ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በፀሐይና በደረቅ ነፋስ ስለሚሰበሰብ ዓመት ይቆያል። ለመኝታ የምትይዙት የመኸሩን ይሁን፤ የበልጉን ቶሎ ለከብቱ አብሉት፣ እሱም ካልሻገተ ነው።

ለመፈተን ክንዳችሁን እስከ ብብት ወደ ክምሩ አስገቡ። ከውስጥ ሙቀት ከተሰማችሁ ወይም እጃችሁ ወዝቶ ከወጣ አልደረቀም። ከዚያ አንድ እፍኝ አውጡና በፀሐይ ብርሃን ፊት አራግፉት። የእርሻ አቧራ ቶሎ ወደ መሬት ይወርዳል፤ የሻጋታ ብናኝ ግን እንደ ጭስ ተንሳፎ ይቀራል። ሽታው እንደ ዝናብ የነካው ጋቢ ከሆነ አትጠቀሙበት፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም አያድነውም፣ ብናኙ እዚያው ነው። ስታራግፉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የሻጋታ ገለባ የሰው ሳንባንም ያቆስላል።

አቀማመጡ ቀላል ነው፦ ከሥር ድንጋይና ግንድ ደርድራችሁ ከመሬት ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ አድርጉት፤ ላዩን በሸራ ሸፍኑ፤ ጎኑን ግን ክፍት ተዉ። ዙሪያውን በላስቲክ የጠቀለለ ሰው ዝናቡን ሳይሆን ትፋሎቱን ነው ያሰረው።

የውሻ ቤት ልኩ ስንት ይሁን? ከምን እንሥራው?

20 ኪሎ ለሚመዝን የአገራችን ውሻ ከውስጥ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 65 ቁመት ይበቃል። ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው አስፍቶ በመሥራት ነው። በክረምት ቤቱን የሚያሞቀው የውሻው ትንፋሽና ገላ ብቻ ነው፤ እጥፍ ያህል ሰፊ ቤት ውስጥ አንድ ውሻ ምንም ያህል ገለባ ቢኖረው ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ወለሉን በአራት ድንጋይ ላይ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አንሱት። ጣውላውን አጠጋግታችሁ ምቱ፤ ወደ አንድ ጥግ በትንሹ አዘንብሉትና በዝቅተኛው ጥግ ጣት የሚያስገቡ አራት አምስት ቀዳዳዎች ብሱ። በሩ ከፊት ለፊቱ መሃል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ይሁን፤ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ያኔ ውሻው ነፋስ በማይደርስበት በወዲያኛው ጥግ ይተኛል። ከበሩ ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ደፍ አትርሱ። ደፍ የሌለው ቤት ገለባውን በሳምንት ውስጥ ደጅ ላይ ታገኙታላችሁ።

በሩ ወዴት ይዙር? ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ እፍኝ እብቅ ወደ ላይ በትኑና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። በሩ ወደዚያ፣ ጀርባው ወደ ነፋሱ መምጫ። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት የቀኑና የሌሊቱ ነፋስ ስለሚለያይ ፈተናውን ቀን ላይ አታድርጉ።

ጣሪያው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የእንስሳው ትንፋሽ ከሥሩ ጤዛ ይሆንና ሲነጋጋ ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቱ «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ሚስማሩን በሬንጅ ይደፍናል፣ ጉዝጓዙ ግን መርጠቡን አያቆምም። መፍትሔው ከቆርቆሮው ሥር ጣውላ ወይም በገለባ የተሞላ ጆንያ መደልደልና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባ የአየር ክፍተት መተው ነው። ክፍተቱ ላይ ክዳኑ በደንብ አልፎ ይውጣ።

ስንት ገለባ ይገባዋል? በየስንት ጊዜስ ይቀየራል?

ለተጠቀሰው ቤት በመጀመሪያው ቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ፤ ሳይጠቀጠቅ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይሰጣል። በሦስትና አራት ቀን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ያኔ 1 ኪሎ ጨምሩ። አትጠቅጥቁት፣ ውሻው ራሱ ዞር ዞር ብሎ ጎጆውን ይሠራል። ልኩን ለማወቅ ሲተኛ ተመልከቱት፦ እግሮቹ ገለባው ውስጥ ተደብቀው ጀርባው ብቻ ከታየ በቂ ነው፤ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ከታዩ ያንሰዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ብርድ ሙሉ ለውጥ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ በየሳምንቱ። የቀን ቁጥሩ ግን መመሪያ ብቻ ነው፤ ፈራጁ እጃችሁ ነው። እስከ ወለሉ አስገቡትና እስከ አስር ቁጠሩ። ርጥበት ካለ ሁሉም ይወጣል። ላዩ ላይ አዲስ ማልበስ የታችኛውን አያደርቀውም፣ ያፍነዋል እንጂ።

ውሻው የምናነጥፍለትን ሁሉ እየዛቀ ያወጣዋል። ባዶ ጣውላ ላይ ነው የሚተኛው።

ሦስት ምክንያት አለው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። አንደኛ ቁንጫ፦ የታችኛውን አቧራ ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፋችሁ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ጥቁሩ ፍርፋሪ ወደ ቀይ ከቀለጠ የቁንጫ ፋንድያ ነው፣ ውስጡ ደም አለ። ሁለተኛ አይጥ፦ ገለባው ውስጥ እህል ቀርቶበት ከሆነ አይጥ ገብታለች፣ ውሻው እሷን ነው የሚቆፍረው። ሦስተኛ ሙቀት፦ ቀን ላይ ፀሐይ የሚመታው ቤት ውስጥ ገለባ ይከብደዋል፤ ከቤቱ ውጭ ጥላ ሥር ባዶ ጣውላ አስቀምጡለት፣ ማታ ወደ ገለባው ይመለሳል።

ዝተት፣ አሮጌ ባና ወይም ብርድ ልብስ ብንሰጠውስ?

ቤት ውስጥ ለሚያድር፣ ለማያኝክ አሮጌ ውሻ ይሁን። ደጅ ለሚያድር ግን ጨርቅ ርጥበት ይመጥና ይዞ ይቀራል፤ በውርጭ ሌሊት ጫፉ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ከዚያ የከፋው ማኘኩ ነው። በሌሎች አገሮች ተኩላ የሚጠለልባቸው ማዕከላት ለክረምት የሚያነጥፉት ገለባ እንጂ ብርድ ልብስ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው፦ ተኩላ ጨርቅ ይቦጫጭቃል፣ ክሩን ይውጣል፣ ክሩ አንጀት ላይ ተጠምጥሞ ይዘጋዋል፤ በቀዶ ሕክምና ካልወጣለት ይሞታል። ውሻም የዚያው ዘር ነው። ሁለት ቀን ያልበላና የሚያስታውክ ውሻ ባለበት ቤት የብርድ ልብሱ ጠርዝ ጎድሎ እንደሆነ እዩ።

ከእነዚሁ ማዕከላት የሚወሰድ ሌላ ልምድ አለ፦ ብዙ እንስሳ አንድ ላይ ካደረ መኝታው ከእንስሳቱ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ጉልበተኛው አንዱን ይዞ ሌላውንም ይጠብቃል፤ ደካማው እርጥብ ላይ ያድራል።

ጨርቅ የግድ ካስፈለገ ጆንያ ውስጥ ገለባ ሞልታችሁ አፉን ስፉት። የቃጫው ጆንያ ይተነፍሳል። የማዳበሪያው ፕላስቲክ ግን ከሥሩ ላብ ያጠራቅማል፣ ሲታኘክም እየተተለተለ ክር ይሆናል።

ቁንጫን አመድ ወይም የወይራ ጭስ ያጠፋዋል?

ወይራ ማጠን ሽታውን ያሳምራል። የጎለመሰውን ቁንጫም ለጥቂት ሰዓት ያባርር ይሆናል፤ እንቁላሉንና በድር ተጠቅልሎ የሚጠብቀውን ግን አይነካውም። ያ የተጠቀለለው ምግብ ሳያገኝ ለወራት ይቆያል፣ የእንስሳ ኮቴ ወይም ሙቀት ሲሰማው ይወጣል። «ሦስት ወር ባዶ የነበረ ቤት ስንገባ ቁንጫ ወረረን» የሚባለው ለዚህ ነው። ገለባ ባለበት ቤት ፍም ማስገባትስ? ይቅር።

ደረቅ አመድ ወለሉ ላይ፣ ከገለባው ሥር ቀጠን ተደርጎ ቢነሰነስ ርጥበት ይመጥጣል። ሲረጥብ ግን ይፋጃል፤ ሽንት በሚበዛበት ቦታ አመድ የተቀላቀለበት ጉዝጓዝ የሆድ ቆዳ ይልጣል። ኖራ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

የሚሠራው ይህ ነው፦ ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥታችሁ ያኔውኑ አቃጥሉ፤ የጣውላውን ስንጥቅ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፤ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ገልብጡት። በዚያው ቀን ውሻውን የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት አክሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉንም ድገሙት፤ ያልተደገመ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት በግምት በጥብጣችሁ ጉዝጓዝ ላይ አትርጩ። ውሻ ይልሰዋል፣ ይመረዛል።

ጆንያ በእንዶድ ማጠብ ይቻላል፤ በደንብ አለቅልቁት፣ ዓይን ይቆጣል። እጣቢውን ወንዝ ዳር አትድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ መንሳፈፉን ነበር፤ ዓሣንም ይገድላል።

ተላላፊ በሽታ የነበረበት እንስሳ የተኛበትን እንዴት እናጽዳ?

መጀመሪያ ቆሻሻውን አውጡ፣ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ በረኪናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በረኪና ፍግና አፈር ሲያገኝ ኃይሉን ስለሚያጣ ቆሻሻ ላይ መድፋት ገንዘብ ማባከን ነው። 1 ኩባያ በረኪና ለ30 ኩባያ ውሃ፤ ወለሉ ለ10 ደቂቃ እንደረጠበ ይቆይ፤ ከዚያ አለቅልቁና አድርቁ። ሽንት ያለበት ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፣ የሚወጣው ጋዝ ደረት ያቃጥላል።

ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የዲስቴምፐር በሽታ ቫይረስ በፀሐይና በሳሙና ቶሎ ይጠፋል። ቡችላን በደም ተቅማጥ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ ግን አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፤ በፓርቮ የሞተ ቡችላ በነበረበት አፈር ላይ በዚያው ዓመት ያልተከተበ ቡችላ አታሳድሩ።

ለቡችሎች፣ እግሩ ለተሰበረና መነሳት ለማይችል እንስሳ?

የተወለዱ ቡችሎች በመጀመሪያው ሳምንት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም፤ አጠገባቸው ያለው አየር 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ገለባና ሰጋቱራ አይሠሩም፤ ብናኙ አፍንጫቸውን ይደፍናል፣ ከሥሩም ገብተው ይጠፋሉ፣ እናት ትጫናቸዋለች። ጋዜጣ ደርባችሁ በላዩ ክር የማይመዘዝ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉ፤ በየቀኑ ቀይሩ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ በኩል ብቻ አስቀምጡ፤ የሞቀው ወዲያ መሄጃ ይኑረው። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ሙቀት ስለሚወስድባቸው በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩት። ገለባ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጀመር።

ለማይነሳ እንስሳ ወፍራም መደላድል ያስፈልጋል። በገለባ የተሞላ ጆንያ ሲጫኑት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፤ በላዩ የጤፍ ጭድ፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ። በየሦስት በአራት ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት፣ ሌሊትም ጭምር። ቁስሉ የሚጀምረው አጥንቱ ከቆዳ በቀረበበት ነው፦ ዳሌ፣ ክርን፣ ትከሻ። ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ቀልቶ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቆዳ የቁስል መጀመሪያ ነው። ሽንት የነካው ጭድ ያኔውኑ ይነሳ።

ለበጎችስ?

ለአንዲት በግ 1 ካሬ ሜትር፣ ግልገል ካላት 1.5። ሲጀመር 15 ሳንቲ ሜትር ገለባ፣ ከዚያ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ግማሽ ኪሎ ያህል ከላይ። ጉረኖው ውስጥ ተንበርከኩ፤ እስከ ሠላሳ ስትቆጥሩ ጉልበታችሁ ከረጠበ ጨምሩ። በዚያው ተንበርክካችሁ እንዳላችሁ ተንፍሱ፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ በጎቹ ሌሊቱን ሙሉ ያንን የሽንት ሽታ ሲስቡ ነው የሚያድሩት። በቆማችሁበት አይታወቅም፣ ሽታው ከታች ነው።

ቤታችን ይሰገዳል። የውሻ መኝታ እንዴት ይሁን?

ወሎ ውስጥ ብዙ ቤት እንዲሁ ነውና አዲስ ነገር አይደለም። ቤቱን ከመስገጃውና ከውዱእ ቦታው ራቅ አድርጋችሁ፣ የዝናብ ውኃው ወደዚያ በማይወርድበት ጎን ሥሩ። ለእሱ የሚሆን መጥረጊያ፣ መንሽና የምግብ ዕቃ ለይታችሁ እዚያው ስቀሉ። ይህ ለጤናም ይበጃል፤ አንድ መጥረጊያ ከውሻ ቤት ወደ ማድቤት ሲመላለስ የትል እንቁላል ይዞ ይሄዳል።

ያገለገለውን ጉዝጓዝ ማሳ ላይ ብንበትነው?

የበግና የከብቱን አዎ፣ ተከምሮ ከበሰለ በኋላ ጥሩ ፍግ ይወጣዋል። የውሻውን ግን አይሆንም፤ አቃጥሉት ወይም ከግማሽ ሜትር በላይ ቆፍራችሁ ቅበሩት። በውሻ ፋንድያ የሚወጣ አንድ የትል ዓይነት በበግና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ውሻው ደግሞ የሚይዘው ያንን ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ነው። ለፋሲካም ለአረፋም ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሥጋ ለውሻ አትወርውሩ፣ ቅበሩት።

ጓሳ ከተራራው አጭደን ብንጎዘጉዝስ?

ጓሳ ጥሩ ነገር ነው፤ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አቡነ ዮሴፍም ሆነ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥ የሚኖረው እዚያው ሣር ውስጥ ነው። ለአንድ የውሻ መኝታ የማሳችሁ ገለባ ይበቃል። ማጨድ በተፈቀደበት ቦታና ወቅት ካጨዳችሁም ለቤት ክዳን አውሉት፤ በሳምንት የሚቃጠል ጉዝጓዝ ላይ ጓሳ ማባከን ያሳዝናል።

የቆሰለ ቀይ ቀበሮ ብናገኝ ወስደን እናስተኛው?

አትንኩት። መጀመሪያ ለፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ባለሙያ ደውሉ፤ ሰዉንና ውሻውን አርቁ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ በግዞት የሚረቡም የሉም። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን አውሬ ስለሆነ ቀን ላይ መታየቱ ምልክት አይደለም፤ ሰው ሳይፈራ መቅረቡ፣ መንገዳገዱ፣ ለሃጩ መዝረክረኩ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ባለሙያው «እስክደርስ አቆዩት» ካለ ብቻ፣ እሱ በሚላችሁ መንገድ፦ 1.2 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ረጅምና ደረቅ የስንዴ ገለባ፣ ከላይ ጨለማ የሚያደርግ ሸራ፣ ከጎን የአየር ቀዳዳ። ጨርቅም ገመድም ውስጡ አይግባ። ገለባው በጭራሽ ውሻ ወይም በግ ያልተኛበት ይሁን፤ ከውሻ ጉዝጓዝ የሚወሰድ እከክና ዲስቴምፐር ከቁስሉ በላይ ይጎዳዋል፣ ተመልሶ ሲለቀቅም መንጋውን ይዞ ይጠፋል። አታባብሉት፣ አታናግሩት፣ ለማየት ሸራውን አትግለጡ።

ሌሊት ውሻው ይታሰር ወይስ ይለቀቅ?

ተራራው ሥር ለምትኖሩ ይታሰር፣ ወይም አጥር ውስጥ ይደር። የውሻ እብደትና ዲስቴምፐር ወደ ቀይ ቀበሮ የሚሻገረው ሜዳ በሚዞር ውሻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በየዓመቱ ማስከተብም አለ። ደረቅ መኝታ ያለው ውሻ ማሰሪያውን ቶሎ ይለምዳል። ሰንሰለቱ 3 ሜትር ያህል ይሁን፣ በሁለቱም ጫፍ የሚዞር ቀለበት ይኑረው፣ የሚታሰርበት ችካል ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከቤቱ ጎን ይተከል፤ አለዚያ ሰንሰለቱ ደፉን እየጎተተ ገለባውን በየማለዳው ደጅ ያወጣዋል።